ከመኪናችን ሥር ያደረችው ጠብታ

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ማታ፣ ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ «ሞተሩ ይውረድ አሉኝ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ለቅሶ ነበረበት።

መኪናው አባታችን ትቶልን ያለፈው ኮሮላ ነው። ዕድሜው ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኗል። እህቴ ጠዋት ሁለት ልጆቿን ትምህርት ቤት ታደርስበታለች፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ታመራለች፤ ማታ ደግሞ ሁሉንም ሰብስባ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሰሞኑን ግን ባደረበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ጠብታ መተው ጀመረ። መብራት ይዞት ሲቆም የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። በየሁለት ሳምንቱ ዘይት መጨመር ግድ ሆነባት። በመጨረሻ አንድ ጋራዥ ወሰደችው። ባለሙያው ኮፈኑን ከፍቶ፣ የዘይት መክደኛውን ፈትቶ፣ ከሥሩ የተጋገረውን ጥቁር ነገር አሳያትና «ይሄ ሞተር አልቆለታል፤ ወርዶ ካልታደሰ ዋስትና የለውም» አላት። የጠራላት ዋጋ ለልጆቿ ለሁለተኛው ተርም ያስቀመጠችውን የትምህርት ቤት ክፍያ ጠራርጎ የሚወስድ ነበር።

«ልሽጠው ይሆን?» አለችኝ። የሚገዛው ሰው ያንኑ ጠብታ አይቶ ዋጋውን እንደሚሰብረው ሁለታችንም እናውቃለን። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በየቤቱ ግቢ የቆመችው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት እንድታገለግል ይጠበቅባታል። የኤሌክትሪኩን ለመግዛት አቅም ያለው ይገዛል፤ የሌለው ያለችውን ይንከባከባል።

«እስከ ቅዳሜ ምንም አትወስኚ» አልኳት። «ይልቅ ትልቅ ካርቶን ቤት ውስጥ አለሽ?»

ውድ አንባቢያችን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ሥራችንን አጫውትዎታለሁ። የሚያስፈልገው ካርቶን፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪና አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ነው። መካኒክ አያደርግዎትም። ጋራዥ ሲገቡ ግን መኪናዎ ምን እንዳመመው በግምትም ቢሆን አውቀው እንዲገቡ ያደርግዎታል። ከሁሉም በላይ፣ የትኛዋ ጠብታ ጊዜ እንደምትሰጥ፣ የትኛዋ ደግሞ ከግቢ መውጣትን እንደምትከለክል ለመለየት ይረዳዎታል።

የሞተር አተላ ከየት ይመጣል?

የጠላ ጋን ያጠበ ሰው አተላን ያውቀዋል። ላይ ላዩ ተቀድቶ ሲያልቅ ከታች የሚቀረው ወፍራም ዝቃጭ ነው። ሞተርም የራሱ አተላ አለው። የሞተር ዘይት የሚፋተጉትን ብረቶች ያለሰልሳል፤ ሙቀት ይወስዳል፤ ቆሻሻ ያጥባል፤ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት ይዘጋል። ቆሻሻውን ተሸክሞ የሚዞረው ራሱ ዘይቱ ስለሆነ ጊዜው ሲያልፍ መሸከም ያቅተዋል። ሙቀትና አየር ያወፍሩታል። ጥቀርሻ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንና የውሃ እንፋሎት ሲቀላቀሉበት ደግሞ ቀስ በቀስ እንደ ሬንጅ ይሆናል።

ብዙዎቻችን ሞተር የሚጎዳው ሩቅ መንገድ ሲሄድ ይመስለናል። ለዘይቱ ግን አጭር መንገድ ይብስበታል። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፤ በብርድ ጠዋት ከጭስ ማውጫው ጫፍ ሲንጠባጠብ ያዩት ውሃ እሱ ነው። ከዚህ ውሃ ጥቂቱ ወደ ዘይቱም ይገባል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከቆየ ተንኖ ይወጣል። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዶ ከጠፋ ግን ውሃው እዚያው ይቀራል። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ይህ በየጠዋቱ ይደጋገማል።

የከተማችን የመኪና ሰልፍም አለ። ሰልፍ ውስጥ ቆመን ስንጠብቅ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አይንቀሳቀስም፤ ሞተሩ ግን እየሠራ፣ ዘይቱም እየደከመ ነው። ስለዚህ «ዘይት ከቀየርኩ ገና 5,000 ኪሎ ሜትር አልሞላሁም» ማለት ዘይቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። የመኪናዎ መመሪያ መጽሐፍ «ከባድ አጠቃቀም» የሚለው አጭር ጉዞ፣ አቧራና መቆም መነሳት የበዛበትን መንዳት ነው። የአዲስ አበባ መንገድ ሦስቱንም አሟልቷል።

ችግሩ የታወቁ አምራቾችንም ፈትኗል። ቶዮታ በአሜሪካ ገበያ ከ1997 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. በወጡ ሞዴሎቹ ውስጥ በገቡት የ3 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደርና የ2.2 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ የአተላ ቅሬታ ስለበዛበት፣ በ2002 እ.ኤ.አ. 3.3 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን የሚመለከት የጥገና ሽፋን ለማውጣት ተገዷል።

መለኪያውና መክደኛው የሚናገሩት

ቅዳሜ ማለዳ እህቴ ቤት ደረስኩ። ቤቷ ሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ ከላይ ወደ ታች ቁልቁል በሚወርድ መንገድ ዳር ነው። መኪናው ግቢ ውስጥ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ስላደረ ሞተሩ ቀዝቅዟል።

በዘይት መለኪያው ጀመርን። ስበው ያውጡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፣ እስከ መጨረሻው መልሰው ያስገቡት፣ ከዚያ እንደገና አውጥተው ያንብቡ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። በብዙ ትንንሽ መኪኖች በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ያህል ነው። ጥቁር መሆኑ ብቻውን አያስደነግጥዎ፤ ቆሻሻውን እያጠበ ነውና መጥቆሩ የወግ ነው። በሁለት ጣትዎ ሲያሹት እንደ አሸዋ ከሻከረ፣ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም ማኪያቶ ከመሰለ ግን ነገር አለው።

ቀጥሎ መክደኛው ነው። ፈትተው ከሥሩ ይመልከቱ። ስስ ቡናማ ዘይት ብቻ ካለበት ጤነኛ ነው። እንደ ሬንጅ የተጋገረ ጥቁር ነገር ካለበት ዘይቱ በወቅቱ ሲቀየር አልኖረም። ነጣ ያለ፣ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካዩ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አረፋው መክደኛው ላይ ብቻ ከሆነና መለኪያው ንጹሕ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ያ ተኖ መውጣት ያቃተው ውሃ ነው። መክደኛውን ጠርገው መኪናውን ለአርባ ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ይንዱትና ደግመው ይዩት። መለኪያውም ማኪያቶ ከመሰለና የራዲያተሩ ውሃ የሚጎድል ከሆነ ግን ውሃና ዘይት ሞተሩ ውስጥ እየተቀላቀሉ ነው፤ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ተቃጥሎ ይሆናል። ያኔ ሞተሩን አያስነሱት፤ መኪናው ተጎትቶ ይሂድ።

አሁን በመክደኛው ቀዳዳ የእጅ ባትሪ ያብሩና ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ዋናው ፍርድ እዚህ ነው። መክደኛው ከሞተሩ ሌላ ክፍል ይልቅ ቀዝቃዛ ስለሆነ አተላ ቀድሞ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው፤ በእሱ ብቻ ሞተርን ማማት አይገባም። ውስጥ ያሉት ብረቶች ቡናማ ቀለም ይዘውም ቢሆን ጥርት ብለው ከታዩ ተስፋ አለ። ብረቱ በጥቁር ጭቃ ተቀብሮ ከሆነ በሽታው ገፍቷል። የእህቴ መኪና መክደኛው ክፉ ነበር፤ ውስጡ ግን ብረቱ ይታያል።

አተላ የሚያስፈራው በመልኩ አይደለም። ከሞተሩ ሥር፣ ዘይቱ በሚጠራቀምበት ኮፓ ውስጥ፣ ዘይት የሚሳብበት ትንሽ ወንፊት አለ። አተላው ወንፊቱን ሲደፍነው ዘይት ኮፓው ውስጥ ሞልቶ እያለ ወደ ላይ አይደርስም። ያኔ ዳሽቦርዱ ላይ የዘይት ጣሳ የሚመስለው ቀይ መብራት ይበራል። ይህ መብራት እየነዱ ከበራ «ቤት ልድረስና» አይበሉ። ዳር ይዘው ወዲያው ያጥፉት። ያለ ዘይት ግፊት የሚሠራ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ብረት በብረት ይበላላል።

አተላና ጠብታ ዘመዳሞች ናቸው

እህቴ ሁለት በሽታ ያለባት መስሏት ነበር፦ የቆሸሸ ሞተርና የሚያንጠባጥብ ሞተር። ብዙ ጊዜ ግን አንዱ ሌላውን ይወልደዋል።

ሞተር ሲሠራ ከፒስተኖቹ ዳር ጥቂት ጋዝ ወደ ታች ያመልጣል። ይህ ጋዝ መውጫ ስለሚያስፈልገው ሞተሩ መተንፈሻ አለው፤ ጋዙ በትንሽ ቫልቭ በኩል ተስቦ እንደገና እንዲቃጠል ይደረጋል። አተላ ያንን ቫልቭ ሲደፍነው ጋዙ መውጫ ያጣል። ውስጡ ሲጨናነቅ ዘይቱን በደከመው በኩል፣ በጋርኒሲዮንና በዘይት ማኅተም ጎማዎች በኩል፣ ገፍቶ ያስወጣዋል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው ጋርኒሲዮን አስቀይሮ ወር ሳይሞላው ጠብታው የሚመለስበት። መተንፈሻውን ያየለት የለም።

በብዙ አሮጌ መኪኖች ይህ ቫልቭ በቀላሉ ይነቀላል። ነቅለው ሲያንቀጫቅጩት እንደ ጽናጽል ከተንሿሿ ይሠራል። ዝም ካለ ተደፍኗል። የእህቴ ዝም አለ። የቫልቩ ዋጋ ሞተር ለማውረድ ከተጠየቀችው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

የጭሱ ቀለምም ይረዳል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይነግራል። ቆሞ አድሮ ሲነሳ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ የቫልቮቹ ትንንሽ ማኅተም ጎማዎች ናቸው፤ ነዳጅ ሲረግጡ የሚብስ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ መበላቱን ይጠራጠሩ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ጭስ የራዲያተር ፈሳሽ እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል። የእህቴ መኪና ጭስ አልነበረውም። የሚሸታት የተቃጠለ ዘይት ከላይ የቫልቭ ክዳኑ ጋርኒሲዮን አሳልፎት፣ በትኩሱ የጭስ ቱቦ ላይ እየተንጠባጠበ የሚጠበስ ነበር።

ካርቶኑ

ካርቶኑን ያነጠፈችው ዓርብ ማታ ነው፤ ቴሌቪዥን የተገዛበትን ገላልጣ ከመኪናው ሥር ዘረጋችው። አንድ ካርቶን ካልበቃ ሁለት ሦስት ያድርጉ፤ ሥሩ በሙሉ፣ ከፊት እስከ ኋላ ጎማ መሸፈን አለበት። አራቱ ጎማዎች የት እንዳሉ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ፤ የፊቱን ከኋላው ይለዩ። ጠዋት መኪናውን ገፋ አድርገው ካርቶኑን አውጥተው ጥሩ ብርሃን ላይ ያንብቡት። የሚመለከቱት ሦስት ነገር ነው፦ ቀለሙን፣ ሽታውንና ቦታውን።

ቡናማ ወይም ጥቁር፣ ከፊት ከሞተሩ ሥር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። በቀን ጥቂት ጠብታ ከሆነ፣ መጠኑን እየለኩና እየሞሉ ጊዜ ወስደው ማሠራት ይችላሉ። ትኩስ ቱቦ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ግን እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል አያቆዩት።

ቀይ ወይም ሮዝ፣ ዘይት ዘይት የሚል ከሆነ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ነው። ወፍራምና እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ብዙ ጊዜ የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ነው። የካምቢዮ ዘይት ሲያልቅ ካምቢዮው ሳያስጠነቅቅ ይበላልና በሳምንቱ ያሳዩት።

አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ እንደ ውሃ የቀጠነ፣ ሲነኩት የሚያሟልጭ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ የራዲያተር ፈሳሽ ነው። እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ነገር አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሞተር የተለመደ ሙቀት ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልዩነቱን የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዙና የተቀላቀለው ፈሳሽ ነው፤ ደህና ክዳን የመፍሊያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው ያረጀ ክዳንና የቧንቧ ውሃ ብቻ ያለው መኪና ዳገት ላይ ቢፈላ አይገርምም። ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳኑን በፍጹም አይክፈቱ። የፈሰሰውንም ፈጥነው በውሃ ያጥቡት፤ ብዙዎቹ የራዲያተር ፈሳሾች መርዝ ናቸው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃናትንም ውሻና ድመትንም ያታልላል።

ሽታም ቀለምም የሌለው ንጹሕ ውሃ፣ ማቀዝቀዣ ከከፈቱ በኋላ ከፊት ተሳፋሪው እግር አካባቢ ሥር የሚወርድ ከሆነ የማቀዝቀዣው ላብ ነው፤ እሱ ምንም አይደለም። ቤንዚን ከሸተተዎ ደግሞ ሞተር አያስነሱ፣ ክብሪት አይጫሩ፤ ባለሙያ ይጥሩ።

አንድ የቀረ አለ። እሱን ያገኘችው የእህቴ ልጅ ናት።

«አጎቴ፣ ይሄኛውስ ውሃ ነው?»

የእህቴ ትልቋ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባትሪ የምታበራልን እሷ ነበረች። እኔና እናቷ ከፊት ያለችውን ጥቁር ጠብታ ስንመረምር እሷ ካርቶኑ ሌላ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ «አጎቴ፣ ይሄኛውስ? ውሃ ነው?» አለችኝ።

በኋለኛው ግራ ጎማ ምልክት አጠገብ የእጅ መዳፍ የምታክል እርጥበት ነበረች። ቀለሟ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ካርቶኑን አርሳው ስለነበር በጥድፊያ ላየው ሰው ውሃ ትመስላለች። በጣቴ ነካኋት፤ ታሟልጫለች። በጎማው ውስጠኛ ጎን ብናበራ ከላይ ወደ ታች የወረደ እርጥብ መስመር አለ። ኮፈን ሥር ያለውን የፍሬን ዘይት ዕቃ አየሁት፤ ፈሳሹ ከዝቅተኛው ምልክት በታች ወርዷል።

«የፍሬን መብራት በርቶብሽ ያውቃል?» አልኳት እህቴን።

«ቁልቁለቱን ስወርድ አንዳንዴ ይበራል፤ ሜዳ ላይ ይጠፋል። የእጅ ፍሬኑ በደንብ አልወረደም ብዬ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ፔዳሉም ሰሞኑን ወደ ታች ጠለቅ ይላል» አለች።

መኪናው ሲያዘነብል ዕቃው ውስጥ ያለችው ትንሽ ዘይት ወደ አንድ ጎን ስለምትሄድ መብራቱ ይበራል፤ ሲስተካከል ይጠፋል። ሳምንታት ሙሉ ሁለት ልጆች ከኋላ አስቀምጣ፣ ያንን ቁልቁለት በየጠዋቱ ስትወርድ ነበር። እህቴ ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷ «ምን አጠፋሁ?» የምትል መስላ ሁለታችንንም ታየን ነበር። «ምንም አላጠፋሽም፤ ጎበዝ ነሽ» አልኳት።

ጋራዡ ሁሉም ዓይኑ ሞተሩ ላይ ስለነበር ኋላውን ያየ የለም። እኛም ብንሆን በጥቁሯ ጠብታ ተጠምደን ነበር። ጥቁሯ ጠብታ ገንዘብ ታስወጣለች፤ ይህችኛዋ ነፍስ ታስወጣለች።

የፍሬን ዘይት ከጠራ እስከ ቡናማ ቀለም ሊኖረው ይችላል። የመኪና ቀለም ላይ ከፈሰሰ ይልጠዋል። ከአንዱ ጎማ ውስጠኛ ጎን ወይም ከፔዳሉ አካባቢ ካገኙት፣ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ከጠለቀ ወይም ከላላ፣ መኪናው ከግቢ አይውጣ። ባለሙያው ወደ መኪናው ይምጣ። እርግጥ ነው የፍሬን ሸራው እየተበላ ሲሄድ ዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ስለዚህ መጉደሉ ሁልጊዜ መፍሰስ አይደለም። ያም ቢሆን የሚታይ ነገር አለ ማለት ነው። ሌላም አደራ አለኝ፤ የጎደለውን በሞተር ዘይት ወይም በመሪ ዘይት አይሙሉ። የፍሬኑን ጎማዎች ሁሉ ያሳብጣቸውና አንዱን ችግር አሥር ያደርገዋል።

በዚያው ቀን ባለሙያ ቤት ድረስ መጣ። ጎማው ውስጥ ያለችው ትንሿ የፍሬን ፓምፕ ጎማዋ አልቆ ታሳልፍ ነበር፤ ሸራውም በዘይት ርሷል። የሁለቱም ጎን ተቀየረ፤ አየሩ ወጣ፤ መኪናው ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተፈተነ።

የጠብታው ምንጭ ከላይ ነው

ወደ ሞተሩ እንመለስ። ዘይት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚያፈስበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። እርጥበቱን ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይከተሉት፤ ከሁሉ በላይ ያለው እርጥብ ቦታ ነው ተጠርጣሪው። ከላይ የቫልቭ ክዳኑ፣ ከመካከል የዘይት ፊልትሮው፣ ከታች የኮፓው ማፍሰሻ ብሎን ቀዳሚዎቹ ናቸው። ሦስቱም ርካሽ ጥገናዎች ናቸው። ከሞተሩና ከካምቢዮው መገጣጠሚያ የሚወርድ ከሆነ ግን ወደ ማኅተም ጎማው ለመድረስ ካምቢዮው መውረድ ስላለበት ወጪው ከፍ ይላል።

ሞተሩ ሁሉ ዘይት ለብሶ ምንጩ ካልለየ በማጽጃና በብሩሽ ያስጸዱት። በከፍተኛ ግፊት ውሃ አያስመቱት፤ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹን ይጎዳል። ከደረቀ በኋላ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ፣ በተጠረጠረው መገጣጠሚያ ላይ የሕፃን ፓውደር ስስ አድርገው ይነስንሱ። ትንሽ ነድተው ሲመለሱ እርጥቡ መስመር ነጩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«በምን ለካኸው?»

እንዲህ ሲባል ሞተር መውረድ የለበትም ማለት አይደለም። ውሃና ዘይት የተቀላቀለበት፣ የሚያንኳኳ፣ ሰማያዊ ጭስ የሚለቅና ጉልበት ያጣ ሞተር ሊወርድ ይችላል። ነገር ግን ያን ያህል ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ጥያቄ በትህትና ይጠይቁ፦ «በምን ለካኸው?» የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽንና የዘይቱን ግፊት የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። ጥሩ መካኒክ በጥያቄው አይከፋም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። እህቴ ሌላ ጋራዥ ሄዳ አስለካች። አራቱ ሲሊንደሮች እጅግም የማይራራቁ ቁጥሮች አሳዩ። ሞተሩ አልወረደም። የቫልቭ ክዳኑ ጋርኒሲዮንና የመተንፈሻው ቫልቭ ብቻ ተቀየሩ።

አተላውስ? ብዙ ሰው በአንድ ቀን የሚያጥብ ኃይለኛ ማጽጃ ይመርጣል። በጣም በቆሸሸ አሮጌ ሞተር ላይ ይህ አደገኛ ነው፤ የተፈረፈረው አተላ ሄዶ ያንኑ ወንፊት ይደፍነዋል። አተላው ከበዛ ኮፓው ወርዶ ወንፊቱ ይታጠብ። መካከለኛ ከሆነ ትዕግሥት ይሻላል፦ ጥሩ ዘይት ከአዲስ ፊልትሮ ጋር፣ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀየር። ዘይቱ ራሱ ቀስ እያለ ያጥበዋል። ከዚያ በኋላ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየስድስት ወሩ፣ የቀደመው ይሁን። ጣሳው ላይ የሚታየውን የኤ ፒ አይ ደረጃ ይመልከቱ፤ ኤስ ኤን በ2010፣ ኤስ ፒ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጡ ደረጃዎች ናቸው። ውፍረቱ የመመሪያ መጽሐፉ የሚፈቅደው ይሁን። ጠብታን ለመደበቅ ብሎ ከልክ ያለፈ ወፍራም ዘይት መሙላት፣ በብርድ ጠዋት ሞተሩ ዘይት ሳያገኝ እንዲሠራ መፍረድ ነው።

ከተቻለ በሳምንት አንድ ቀን መኪናዎን ረዘም ያለ መንገድ ያስኪዱት። እህቴ አሁን እሁድ እሁድ ልጆቹን ይዛ ወደ ሱሉልታ ወጣ ትላለች። ሰበቡ ሞተሩን ማሞቅ ነው፤ ልጆቹ ግን ሽርሽር ነው የሚሉት።

እስካሁን ሁለተኛውን የዘይት ቅያሪ ጨርሳለች። መክደኛው ሥር ያለው ጥቁር ነገር ሳስቷል። የተርሙ ክፍያ በጊዜው ተከፍሏል። ካርቶኑ አሁንም ከበሩ ጀርባ ቆሟል፤ በወር አንዴ ዓርብ ማታ የሚያነጥፉት እናትና ልጅ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ቀድማ የምታነበው ግን ልጅቷ ናት። ባለፈው ሳምንት ደውላ «አጎቴ፣ ከፊት አንድ ጠብታ ብቻ፤ ከኋላ ደረቅ ነው» አለችኝ።

እርስዎም ዛሬ ማታ አንድ ካርቶን ያንጥፉ። ቸር ያሰንብተን።